የእድሩ ድንኳን መናፈሻ ሲወጣ፤ ለማኅበራት የመናፈሻ ፕሮግራም አዘገጃጀት ከድሬዳዋ

ግንቦት ላይ ነበር፣ ቅዳሜ ቀን። ከሰፈራችን 34 ልጆችና 11 አረጋውያን ይዘን ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ መናፈሻ ገባን። ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ትልቅ የኒም ዛፍ አየንና ሥሩ ሰሌን ዘረጋን። ጥላው ሰፊ ነው፣ ነፋስም አለው፣ ሁሉም ሰው ደስ ብሎታል። 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን ግማሹ ሰው ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ልጆቹ ተነስተው ቦታ ቀየሩ። አረጋውያኑ ግን ሰው ላለማስቸገር ብለው ዝም አሉ። ሰማንያ ዓመት የሚጠጋቸው አንዲት አዴ (እናት) «ደህና ነኝ ልጄ፣ አትጨነቂ» ሲሉኝ ቆይተው፣ ልናነሳቸው ስንል ጉልበታቸው ከዳቸው።

ጥላ ውስጥ አስተኛናቸው። እግራቸውን ከፍ አደረግን። ሻሻቸውን በውሃ አርሰን አንገታቸው ላይ አደረግን፣ አራገብንላቸው። ነቃ ሲሉ ውሃ ጥቂት በጥቂት አጠጣናቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፈገግ አሉ። እኔ ግን ያን ቀን እቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ለፕሮግራሙ ስዘጋጅ ያሰብኩት ስለ ኳሱ፣ ስለ ፊኛውና ስለ ስጦታው ነበር። ስለ ጥላው አላሰብኩም።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት አለፈ። በወር አንድ ቅዳሜ እንወጣለን። ብዙ ማኅበራት እየመጡ «እንዴት ነው የምታደርጉት?» ስለሚሉኝ ያየሁትን ልጻፈው ብዬ ነው። እድር ላላችሁ፣ አፎቻ (እንደ እድር ያለ የሐረሪ መረዳጃ ማኅበር) ላላችሁ፣ የሴቶች ማኅበር ወይም የወጣቶች ክበብ ለምትመሩ ሁሉ ነው። የማሰቢያው ቅደም ተከተል ይኼ ነው፦ መጀመሪያ ጥላ፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ሽንት ቤት፣ ከዚያ ፈቃድ። ጨዋታው መጨረሻ ላይ ይታሰባል።

እዚህ ላይ «ለምን መናፈሻ? አዳራሽ አይሻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። የሰፈራችን ቤቶች ጠባብ ናቸው፣ አንዱን ግቢ ሦስት አራት ቤተሰብ ይጋራዋል። ልጆቹ የሚጫወቱት ባጃጅ የሚመላለስበት መንገድ ላይ ነው። አረጋውያኑ ደግሞ ከቤት የሚወጡት ለለቅሶ ብቻ ሆኗል። አዳራሽ ውስጥ ሰው ተደርድሮ ይቀመጣል፣ ንግግር ይሰማል፣ ይሄዳል። ዛፍ ሥር ግን ሰው ይጫወታል።

ጥላውን ቀድማችሁ አጥኑት

ከፕሮግራሙ አንድ ሳምንት በፊት፣ በዚያው ቀንና በዚያው ሰዓት መናፈሻው ሂዱ። ጠጠር ይዛችሁ ሂዱ። በየግማሽ ሰዓቱ የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አድርጉ። ሦስት ሰዓት ያህል መቀመጥ ይጠይቃል። እኔ ልጄን ይዤ፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዤ ነው የምሄደው። ያ ሦስት ሰዓት ስለ ቦታው ሌላም ብዙ ነገር ያሳያችኋል፦ ጉንዳን የት እንዳለ፣ ውሻ የት እንደሚተኛ፣ ቧንቧው ውሃ የሚያመጣው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ።

ጠዋት ፀሐይ በምሥራቅ ስትሆን ጥላው ረዝሞ ወደ ምዕራብ ይተኛል። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ወደ ግንዱ ይሰበሰባል። ከቀትር በኋላ ወደ ምሥራቅ ይዞራል። እኛ ያኔ ሰሌኑን የዘረጋነው ከግንዱ ራቅ ብለን፣ በ3 ሰዓቱ ጥላ መሐል ነበር። ጥላው ወደ ግንዱ ሲሸሽ እኛ እዚያው ቀረን። ዛሬ የአረጋውያኑን ሰሌን ግንዱን አስጠግተን እንዘረጋለን። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከቅርንጫፉ ሥር ሾልካ ትገባለች፣ የዚያን ሰዓት ፀሐይ ግን አትጎዳም። ከ3 ሰዓት በኋላ ያለው ጥላ ነው ዋናው። አንድ ነገር ልጨምር። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ሲቃረብ ጥላው ወደ ደቡብ ዘንበል ይላል፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ሰሜን። ስለዚህ በታኅሣሥ ያጠናችሁትን ቦታ በሰኔ አትመኑት።

ዛፉንም ምረጡ። ኒም ጥላው ወፍራም ነው። እኛ በከተማችን ስም «የድሬዳዋ ዛፍ» የምንለው፣ ያ ቀይ አበባ የሚያወጣው፣ ትውልዱ ከማዳጋስካር ነው። ሲያብብ የሚያክለው የለም። ነገር ግን በበጋው ቅጠሉን ያራግፋል፣ ጥር ላይ ሥሩ ብትቀመጡ ፀሐይ ይወርድባችኋል። ግራርም ጥላው ስስ ነው።

ዛፉ ካልበቃ ድንኳን ያስፈልጋል። ድንኳን ደግሞ አለን። አብዛኛው እድር ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ሳህንና ብርጭቆ አለው። የእኛን ድንኳን ለልጆች ፕሮግራም እናውጣው ስንል በጠቅላላ ጉባኤ ትልቅ ክርክር ተነሳ። «የለቅሶ ድንኳን ለጨዋታ አይወጣም» ያሉ አባቶች ነበሩ። ቅር ያላቸው በእውነት ነው፣ አላቃለልነውም። የእድሩ ዳኛ መፍትሔ አመጡ። ድንኳኑ መናፈሻ ባለበት ሰዓት ሰው ቢሞት ወዲያው ይነቀላል፣ የሚጭነው መኪና ስልኩ ይያዛል፣ ኃላፊነቱን አንድ ሰው ይፈርማል። በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። በስድስት ዓመት አንዴ ተከሰተ፣ 3 ሰዓት ላይ ተደወለልን፣ ድንኳኑ 4 ሰዓት ሳይሞላ ለቀስተኛው ግቢ ተተከለ። ልጆቹም ሲጠቀልሉ አገዙ። ከዚያ በኋላ የተቃወመ የለም። እናንተም ለመበደር ስትሄዱ ይኼን ውል ይዛችሁ ሂዱ።

ፈቃድ በወረቀት ይሁን

መጀመሪያ ዓመት ላይ የአንድ መናፈሻ ኃላፊ «ግድ የለም፣ ኑ» አሉን፣ በቃል። ቅዳሜ ስንደርስ በር ላይ ያለው ጥበቃ የሚያውቀው ነገር የለም። ኃላፊው ስልክ አያነሱም። 40 ልጅ ይዘን አንድ ሰዓት በር ላይ ቆምን። ጥበቃው አልተሳሳተም፣ ሥራውን ነው የሠራው። ስህተቱ ወረቀት ያለመያዛችን ነው።

ማኅበራችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ ለይታችሁ እወቁ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት ከሆናችሁ የምዝገባ ሰርተፊኬታችሁን ቅጂ ከደብዳቤው ጋር አያይዙ። እድርና እቁብ ግን በዚያ አዋጅ አይሸፈኑም። ስለዚህ እድር ከሆናችሁ «ሰርተፊኬት አምጡ» ስትባሉ አትደንግጡ። ከቀበሌያችሁ እድሩ መኖሩን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፉ። ማኅተም ካላችሁ ማኅተማችሁን ምቱ። የትምህርት ቤት ክበብ ከሆናችሁ ደብዳቤውን ርዕሰ መምህሩ ይፈርሙት።

ደብዳቤው ለማን ይጻፍ? ይኼን ለማወቅ አጭሩ መንገድ የመናፈሻውን ጥበቃ «ተጠሪነትህ ለማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። አንዳንዱ መናፈሻ በከተማው አስተዳደር እጅ ነው፣ አንዳንዱን በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ይዘውታል፣ አንዳንዱ የግል ነው። እኛ የምንጽፈው ይህን ይመስላል፦

«ጉዳዩ፦ የመናፈሻ ቦታ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ። እድራችን ለሚደግፋቸው ሕፃናትና አረጋውያን ቅዳሜ በ__ ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት የመዝናኛና የጽዳት ፕሮግራም አዘጋጅቷል። 34 ሕፃናት፣ 11 አረጋውያንና 5 አስተባባሪዎች ይገኛሉ። በፕሮግራሙ ላይ ገንዘብ አይሰበሰብም፣ የፖለቲካ ቅስቀሳም ሆነ የሃይማኖት ስብከት አይኖርም፣ ድምፅ ማጉያ አንጠቀምም። እሳት አናነድም። ቦታውን አጽድተን እናስረክባለን። ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት የሚወስዱት አስተባባሪዎች ስምና ስልክ ከዚህ በታች ተገልጿል። ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።»

እያንዳንዱ ቃል ምክንያት አለው። ቁጥሩን በትክክል የምንጽፈው «ብዙ ሰው» ሲባል ኃላፊው ስለሚፈራ ነው። የፖለቲካ ቅስቀሳ የለም የምንለው ለሰላማዊ ሰልፍና ለፖለቲካ ስብሰባ ራሱን የቻለ አዋጅ፣ ቁጥር 3/1983፣ ስላለና የእኛ ከዚያ ጋር እንዳይምታታ ነው። «እሳት አናነድም» ያልነው ደግሞ ቡና አፍልተን ሣሩን ካቃጠልን በኋላ ነው። አሁን ቡናው እቤት ተፈልቶ በፔርሙዝ ይመጣል። ጭሱና ቁርሱ ባይኖርም አረጋውያኑ ተቀብለውታል።

ደብዳቤውን ሁለት ቅጂ አድርጉ። አንዱን ስጡ፣ ሌላው ላይ የተቀበለው ሰው ፈርሞ፣ ቀን ጽፎ፣ መዝገብ ቤት ካለም የገቢ ቁጥር አስይዞ ይመልስላችሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት አስገቡ። ፈቃዱ ሲመጣ አንድ ቅጂ ለጥበቃው ራሳችሁ ስጡት። ሐሙስ ላይ ደግሞ ሄዳችሁ አስታውሱት። ተረኛው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ወር፣ ቀን፣ ሰዓት

ድሬ ሙቀቷን ታውቃላችሁ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ እኩለ ቀን ላይ 35 ዲግሪ መድረስና ማለፍ የተለመደ ነው። ለአረጋውያን ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በሙቀቱ ወራት ፕሮግራም የግድ ከሆነ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ብቻ ይሁን። ሐረር ያላችሁ ወገኖች ከፍታችሁ ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ሰፋ ያለ ሰዓት አላችሁ። እኛ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ነን፣ አንድ ሰዓት ብናዘገይ ዋጋ ያስከፍለናል። ከሰዓት በኋላ አትሞክሩት። የድሬ ሰው ከ6 ሰዓት በኋላ አረፍ ይላል፣ ይቅማል፣ ሱቁም ይዘጋል። አስተባባሪ አታገኙም።

ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ቅዳሴ አለ። የቀረው ቅዳሜ ነው። ረመዳን ወር ላይ ፕሮግራም አናደርግም፣ ውሃ በመሐላችን እየዞረ ጾመኛ ማስቀመጥ ደስ አይልም። ልጆቹ ቅዳሜ ቁርዓን ቤት ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት የሚሄዱ ከሆነም ወላጅ ጠይቁ።

ክረምት ላይ ሌላ ጉዳይ አለ። መናፈሻ ሲጠብብን ወይም ሲሞላብን «ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ እናጫውታቸው፣ ሜዳ ነው» የሚል ሰው ሁሌ አለ። አይሆንም። ሐምሌ 1998 ላይ በሌሊት የመጣውን ጎርፍ ያየን ሰዎች ነን። ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ያን ጎርፍ ያመጣው ከላይ ከደጋው የዘነበ ዝናብ ነው። ደቻቱ ደረቅ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል ብሎ መተማመን አይቻልም። ልጆች ይዞ ወንዝ ውስጥ መግባት የለም፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን።

ውሃ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤት

የእኔ ሂሳብ ለአንድ ልጅ 1 ሊትር፣ ለአንድ አዋቂ 1 ሊትር ተኩል ነው። 34 ልጅ 34 ሊትር፣ 16 አዋቂ 24 ሊትር፣ በድምሩ 58። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሦስት ማለት ነው። አራተኛው ለእጅ መታጠቢያ። ቧንቧ አለ ብላችሁ አትተማመኑ፣ ውሃ በፈረቃ ነው። ጀሪካኖቹን በዋዜማው ሞልታችሁ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ አሳድሩ። ጠዋት ቀዝቅዞ ታገኙታላችሁ። ኩባያ ለየራስ ይሁን፣ ልጆቹ ከቤት ይዘው ይምጡ።

ምግብ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ሥጋ አታምጡ። ክርስቲያንና እስላም አብሮ የሚቀመጥበት ማዕድ ላይ ሥጋ ሰው ይለያያል። የምስር ሳምቡሳ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ ሙዝ። የጾመም ይበላዋል፣ ያልጾመም ይበላዋል። ለሻዩ ስኳር ለብቻ ይምጣ። ከ11 አረጋውያናችን አራቱ ስኳር አለባቸው፣ ጣፍጦ የመጣ ሻይ ሲሰጣቸው «አይ» ለማለት ያፍራሉ።

ሽንት ቤቱን ከፕሮግራሙ በፊት ገብታችሁ እዩት። አረጋዊ ቁጢጥ ብሎ መነሳት ይችላል? በሩ ይዘጋል? ውሃ አለ? ከሌለ በአቅራቢያ ያለ ካፌ ሄዳችሁ በሰላም ተነጋገሩ። እኛ አንድ ካፌ ጋር ተስማምተን ፕሮግራሙ ሲያልቅ ለአስተባባሪዎቹ ሻይ እዚያ እንጠጣለን። ደስ ብሏቸው ያስገቡናል። ለትላልቅ ሴት ልጆች ሞዴስ ከሳሙና ጋር በአንድ ቦርሳ ይኑር፣ ቦርሳው ሴት አስተባባሪ ጋ ይቀመጥ፣ ልጆቹም ጠዋቱኑ ይነገራቸው። አንዲት ልጅ አፍራ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከሰሌኑ ሳትነሳ የቀረችበት ቀን ነበር። ያወቅነው እቤት ከገባች በኋላ ነው።

ትራንስፖርት ላይ ብዙ አልልም። ለአረጋውያኑ ባጃጅ በኮንትራት ያዙ፣ የመመለሻውን ሰዓት ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ልጆቹ በእግር ይምጡ።

ምን እንሥራ?

አሁን ወደ ጨዋታው መጣን። ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ ገበጣ፣ አባሮሽ፣ ለትላልቆቹ ኳስ፣ ለአባቶች ዳማ። እነዚህን አላስተምራችሁም፣ ከእኔ በላይ ታውቋቸዋላችሁ። እኛ ጋ ሥር የሰደዱትን ሦስቱን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የዛፍ ስም ነው። ልጆቹን አምስት አምስት እናደርጋቸዋለን፣ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አረጋዊ። መናፈሻውን እየዞሩ ዛፍ ይነካሉ፣ ቅጠል ያሸታሉ፣ ስሙን በየቤታቸው ቋንቋ ይጠራሉ። ሾላ ጋ ሲደርሱ አንዱ «ኦዳ!» ይላል፣ ኦሮምኛው ነው። ግራር ጋ «ላፍቶ» ይባላል። ቁርቁራውን የሶማሌ ልጆች «ጎብ» ይሉታል። ስሙን የሚያውቅ ልጅ ለቡድኑ መምህር ይሆናል። አንድ ቀን አማርኛ የማይቀናውና ሁሌ ዝም የሚል ልጅ ጎብ ጋ ሲደርስ ዛፉ ላይ እጁን አሳርፎ፣ ፍሬው እንዴት እንደሚበላ፣ አያቱ በቅጠሉ ፀጉር እንዴት እንደሚያጥቡ በሁለት ቋንቋ ቀላቅሎ ሲያስረዳ አየሁት። ሌሎቹ ዝም ብለው ሰሙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳስ ሲመርጡ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ሆነ። ቅጠል ይቆረጥ አትበሉ፣ የወደቀውን ያንሱ።

ሁለተኛው የውሃ አደን ነው። ይኼን የጀመርነው በምክንያት ነው። በ2006 መግቢያ ላይ ደንጌ ትኩሳት ከተማችን ገባ። በ2011 ማብቂያ ቺኩንጉንያ መጣ። ስንቱ ሰው ወገቡን ይዞ እንደተኛ የድሬ ሰው ያስታውሳል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ቀን የምትናከስ ናት። የምትራባው በየዕቃው ውስጥ በቆመ ንጹሕ ውሃ ነው፦ በጀሪካን፣ በሃይላንድ፣ በአሮጌ ጎማ፣ በአበባ መትከያ ሥር ባለ ሳህን። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ማውጣት አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን ይበቃታል። ስለዚህ ልጆቹ በጥንድ ሆነው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ውሃ የያዘ ነገር ይፈልጋሉ። የቡና ማንኪያ የማትሞላ ውሃ በቆርኪ ውስጥ ብትሆንም ትቆጠራለች። ያገኙትን ለአዋቂ ያሳያሉ፣ አብረው አሸዋ ላይ ይደፉታል። አንዳንዴ ውስጡ የሚሽከረከሩ ጥቃቅን ትሎች ያያሉ። «እነዚህ ናቸው ትንኝ የሚሆኑት» ስትሏቸው ፊታቸውን ማየት ነው። ጠርሙስ ስባሪና መርፌ በእጅ አይነካም፣ «ቁም!» ብሎ አዋቂ ይጠራል። ይኼ ሕግ ከጨዋታው በፊት ሦስቴ ይደገማል። ወላጆች የነገሩኝ፣ ልጆቹ እቤት ገብተውም በርሜል ክዳን መፈተሽ ጀምረዋል።

ሦስተኛው ከአረጋውያኑ የመጣ ነው። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት፣ ባቡሩ በ1895 እዚህ ደርሶ ነው ከተማዋ የቆመችው። በአረጋውያኑ መሐል ባቡር ላይ የሠሩ አንድ አባት አሉ። ፈረንሳይኛ ቁጥር እስከ አሁን አይረሱም። አንድ ቅዳሜ ቀይና አረንጓዴ ጨርቅ ከኪሳቸው አወጡ። ልጆቹን አንዱ የአንዱን ትከሻ አስይዘው አሰለፏቸው። አረንጓዴ ሲያውለበልቡ ይሄዳሉ፣ ቀይ ሲያወጡ ቀጥ። የተንቀሳቀሰ ይወጣና ጣቢያ ይሆናል። ጨዋታው ሲያልቅ ልጆቹ እግራቸው ሥር ተቀመጡ፣ «ባቡሩ ሲመጣ ማታ ነበር ወይስ ቀን?» ብለው ጠየቁ። እሳቸውም የፉጨቱን ዓይነት እያስመሰሉ፣ አንዱ ፉጨት ምን ማለት እንደሆነ፣ ሁለቱ ምን ማለት እንደሆነ ነገሯቸው። ቤተሰባቸው ኋላ ላይ እንዳጫወተኝ ለዚያች ቅዳሜ ጨርቆቹን ራሳቸው አጥበው ይተኩሷቸዋል። እናንተም ፕሮግራም ከማውጣታችሁ በፊት አረጋውያኑን «ምን ሠርተው ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልብስ ሰፊ አለ፣ ዳቦ ጋጋሪ አለ፣ አዋላጅ አለች። ተረት ብቻ አትጠብቁባቸው።

ማየት፣ መስማት ወይም መራመድ የሚቸግረው ልጅ ካለ ጥንዱን ቀድማችሁ ምረጡለት። ዊልቸር ካለ ደግሞ የኒም ሥር መሬቱን የሚያጎብጥበትን ቦታ ሽሹ። ሰሌኑን ወደ እሱ አምጡ እንጂ እሱን ወደ ሰሌኑ አትጎትቱ።

ሁሉም በሰላም እንዲመለስ

ልጅ መቁጠር ከባድ ሥራ ነው፣ አንድ ሰው ብቻ ይሥራው። ያ ሰው ሌላ ምንም አይሥራ። በየልጁ እጅ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ጨርቅ እናስራለን። በየግማሽ ሰዓቱ ይቆጠራል። ልጅ ወስዶ የሚሄደው ያመጣው ሰው ብቻ ነው፣ አጎት ነኝ ቢልም።

ሙቀት የያዘውን ሰው ምልክቱን እወቁ፦ ራስ ምታት፣ ማጥወልወል፣ ብዙ ላብ፣ መፍዘዝ። ጥላ፣ ውሃ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ማራገብ። «ለምለም» የሚባለውን በውሃ የሚበጠበጥ ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) ከፋርማሲ ገዝታችሁ ያዙ፣ አንዱ ፓኬት ለ1 ሊትር ነው። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልክ እንጂ ክምር እንዳይሆን። ሰውዬው ግራ ከተጋባ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት። እያቀዘቀዛችሁ ወዲያው ሐኪም ቤት አድርሱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። ድል ጮራም ሳቢያንም ሆስፒታል የሚወስድ አንድ ባጃጅ በር ላይ ይቁም። ሂሳቡን ክፈሉት፣ ባይነሳም ገንዘቡ አልባከነም።

ፎቶ አንሱ፣ ግን ወላጅ ሲመዘገብ ይጠየቅ። እርዳታ የሚቀበል ልጅ ፊቱ በየስልኩ እንዲዞር አይፈልግ ይሆናል። እኛ ከጀርባ ወይም እጃቸውን ብቻ እናነሳለን።

ለመናፈሻው ምን ትታችሁ ትሄዳላችሁ?

የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ለጽዳት ያዙ። ጆንያ ከቤት ይምጣ፣ ቆሻሻውን እዚያ ቆልላችሁ አትሂዱ፣ ጭናችሁ ውሰዱ። ጥበቃው ሲያይ ነው ሌላ ጊዜ በሩን በደስታ የሚከፍተው።

እኛ ደግሞ ስድስት ችግኞች ተረክበናል። አረንጓዴ አሻራ ብለን ሐምሌ ላይ እንተክላለን፣ ጥሩ ነው። ችግኙ የሚሞተው ግን ጥርና የካቲት ላይ ነው፣ የሚያጠጣው ሰው ሲጠፋ። ስለዚህ ሁለት ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ወስደን ክዳኑን በቀጭን ምስማር እንበሳለን፣ ውሃ ሞልተን ክዳኑን ገጥመን፣ አፉን ወደ ታች አድርገን ከችግኙ ሥር አጠገብ እስከ አንገቱ እንቀብረዋለን። ውሃው ቀስ እያለ ይሰርጋል። ብዙ ሰው ለመሙላት እንዲቀለው ቂጡን ቆርጦ ይከፍተዋል። እንዳታደርጉት፣ ክፍት ውሃ የትንኝ ቤት ነው። ነቅሎ ሞልቶ መመለስ ሁለት ደቂቃ ነው። ሰፈራቸው ቅርብ የሆነ ሁለት ልጆች ረቡዕና ቅዳሜ ይሞሉታል፣ ስማቸው በማኅበሩ መዝገብ ላይ አለ።

ሰኞ ዕለት አንድ ገጽ ሪፖርት እንጽፋለን። ስንት ሰው መጣ፣ ምን ወጪ ሆነ፣ ደረሰኞቹ፣ ምን ጎደለ። አንዱ ቅጂ ለእድሩ፣ አንዱ ለመናፈሻው ኃላፊ። ባለፈው ወር ላይ የጻፍነው «ሰው 52፣ ጆንያ 3፣ ውሃ የያዘ ዕቃ 19፣ ችግኝ ከ6 የጸደቀ 4» ይላል። ከታች የሁለቱን ምትክ ችግኝ ጥያቄና የሚቀጥለውን ቅዳሜ ቀን ጨምረን አስገባን። ተፈርሞ ተመልሷል።